ፍሬምናጦስ ጳጳስ ሳይሆን

በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ ሲነገር እንሰማለን። ነገር ግን ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ከመርከቡ መከራ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ወደ እስክንድርያ ይሻገርና ስለ ሹመቱ ይተርካል፤ በመካከል ያሉት ዓመታት ሳይነገርላቸው ይቀራሉ። እኔ ግን ስለ እነዚያ ዓመታት ጥቂት ልናገር እወዳለሁ።

ታሪኩን ሩፊኖስ የሚባል የአኲልያ ካህን በ402 ዓመት ገደማ በላቲን ቋንቋ ጽፎታል (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር አኖራለሁ)። የጢሮስ ሊቅ ሜሮጵዮስ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን፤ ፍሬምናጦስንና ኤድስዮስን፤ ይዞ ሩቅ አገር ሊያይ ሄደ። ሲመለሱ መርከባቸው ለውሃና ለስንቅ ወደ አንድ ወደብ ተጠጋች። በዚያ ወራት የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋራ የነበራቸው ቃል ኪዳን ፈርሶ ነበርና በመርከቧ ያገኙትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ስለዚህ ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ንጉሡም ኤድስዮስን የመጠጥ አሳላፊ፤ ፍሬምናጦስን የሒሳብና የጽሕፈት ሹም አደረጋቸው። በሞቱ ጊዜ ነጻ ቢያወጣቸውም ንግሥቲቱ ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን ከእርስዋ ጋራ እንዲጠብቁ ለመነቻቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሰው ተመልከተው። ክህነት የለውም፤ ቀድሶ ማቍረብ አይችልም፤ የመጣውም ተማርኮ እንጂ ተልኮ አይደለም። ቀን ቀን በንጉሥ ቤት ሒሳብ ይመረምራል፤ ደብዳቤ ይጽፋል። በዚህ ሥራው ላይ ሳለ ከሮማውያን ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያን የሆነ ይገኝ እንደ ሆነ ተግቶ ይጠይቅ ጀመር። ለንግድ የመጣ ሰው ስለ ዕቃውና ስለ ቀረጡ ሊነጋገር ይጠብቃል፤ ስለ እምነቱ የሚጠይቀው ሹም ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደነቅ መገመት አያስቸግርም። ፍሬምናጦስም በየስፍራው ለጸሎት የሚሰበሰቡበትን ቤት እንዲሠሩ መከራቸው፤ ቦታውንም የሚያስፈልገውንም ሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሹም በሚረዳው ጉባኤ ዘንድ ሞገስ ፈልጎ የሚጠጋ አይጠፋምና ከተሰበሰቡት ማን ስለ እምነቱ፤ ማን ስለ ጥቅሙ እንደ መጣ መለየት ይከብዳል። ፍሬምናጦስም ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም፤ ቢሆንም በሩን አልዘጋባቸውም።

ልጁ ካደገ በኋላ ሁለቱ አደራቸውን መልሰው ሄዱ። ኤድስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ቸኰለ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአትናቴዎስ ነገሩን ገለጠለት፤ ክርስቲያኖች ተሰብስበዋል፤ የጸሎት ቤቶችም ተሠርተዋልና ጳጳስ ይላክላቸው ብሎ ለመነ። አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ሾሞ መለሰው። ይህን ያነበበ ሰው ምእመናኑ ከጳጳሱ አስቀድመው እንደ ነበሩ ያስተውላል።

የንጉሡ የዒዛና ነገር ግን በዝግታ የሄደ ይመስላል። በፊተኛው ገንዘቡ ላይ ጨረቃና ፀሓይ፤ በኋለኛው ላይ መስቀል ተቀርጿል። በጽሕፈቱም ቀድሞ ራሱን የማሕረም ልጅ ይል ነበር፤ ኋላ በግዕዙ ጽሕፈት እግዚአ ሰማይን ያመሰግናል፤ በአክሱም በተገኘው የጽርእ ጽሕፈት ግን አብን ወልድን መንፈስ ቅዱስን በግልጥ ይጠራል። በግዕዙ እንዲህ ቈጥቦ የጻፈው ገና ያላመኑት ሹማምንቱና ወታደሮቹ እንዳይደነግጡ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ኤድስዮስ በጢሮስ ቅስና ተቀበለ። ሩፊኖስም ይህን ታሪክ ከሕዝብ ወሬ እንዳልለቀመው፤ ከራሱ ከኤድስዮስ አፍ እንደ ሰማው ጽፏል።