ኢብኑ በጡጣ በማሊ ወንዝ ዳር የሳታቸው ሦስት ነገሮች



ማሊ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መንሳ ሙሳንና ወርቁን ነው። ዛሬ ስለ በረሃዋና ስለ ወንዟ እናውጋ።

እ.ኤ.አ በ1352 (753 ሂጅራ) ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ (ረሂመሁላህ) ከሲጂልማሳ ተነስቶ ከ25 ቀን በኋላ ተጋዛ ደረሰ። ዛፍ የሌለበት አሸዋ ነው። ቤቱም መስጂዱም የተሠራው ከጨው ድንጋይ ሲሆን ጣራው የግመል ቆዳ ነበር። ጨዉንም ልክ እንደ እኛ አሞሌ ቆራርጠው ይገበያዩበት ነበር። ሰሃራን አቋርጦ ወደ ደቡብ ሲወርድ ግን ትልቅ ወንዝ አገኘ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ነው። ወንዙ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ አይቶ የኑባ አገር የሚደርሰው ኒል፣ ማለትም የኛው አባይ መሰለው። ወንዙ ግን ኒጀር ነው። ከጊኒ ተራሮች ይነሳል፤ ቅርቡ ያለውን አትላንቲክ ትቶ ወደ ሰሃራ ይወጣል፤ በቲምቡክቱ አቅራቢያ ታጥፎ ናይጄሪያ ውስጥ ባሕር ይገባል።

ሁለተኛው በመልስ ጉዞው ነው። በጨረቃ ሌሊት ውሃ ዳር 16 ግዙፍ እንስሳት አየና ዝሆን መሰሉት። አብሮት የነበረውን ሰው ጠየቀ፤ ጉማሬዎች ነበሩ። በኋላም ከቲምቡክቱ ወደ ጋኦ በጀልባ ሲጓዝ ቀዛፊዎቹ ጉማሬዎቹን ፈርተው ዳር ዳሩን ሲይዙ ተመልክቷል።

ሦስተኛውን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። ኢብኑ በጡጣ ለመጸዳዳት ወደ ወንዙ ወረደ። አንድ ያገሬው ሰው መጥቶ በእሱና በውሃው መካከል ቆመ። ምን ዓይነት ሐያእ የሌለው ሰው ነው ብሎ ተገረመ። ነገሩን ለሌሎች ሲያወራ ግን፣ ሰውየው አዞ እንዳይነጥቀው ፈርቶ በገዛ አካሉ እንደከለለው ነገሩት።

ሱብሃነላህ! ባለጌ ያለው ሰው ጠባቂው ነበር።

ወንዝና እንስሳ ላይ መሳሳት ማንንም አይጎዳም። ሰው ላይ መሳሳት ግን ሐቅ አለበት። ስንት ጊዜ ነው ጎረቤታችንን ወይም የመስጂድ ወንድማችንን በአንድ ድርጊቱ የፈረድንበት? ኢብኑ በጡጣ ቢያንስ ነገሩን አውርቶ እውነቱን ሰማ፤ ስህተቱንም ሳይደብቅ አስተላለፈልን። እኛም ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቅ።

አላህ ሑስነ ዘን ይወፍቀን። አላሁ አዕለም።