ገመድ አልባ የብርሃን ግንኙነት፦ ዝናቡን ችሎ በጉም የሚረታ

በእንግሊዝኛ «ፍሪ ስፔስ ኦፕቲካል ኮሙኒኬሽን» የሚባለውን በአማርኛ «ገመድ አልባ የብርሃን ግንኙነት» ልንለው እንችላለን። መረጃው በፋይበር ውስጥ እንደሚሄደው በብርሃን ይጓዛል፤ ፋይበሩ ግን የለም። ማማ ላይ የተተከለ መሣሪያ ለዓይን የማይታይ ቀጭን የሌዘር ጨረር ይልካል፤ ከፊት ለፊቱ ያለው መንትያው ይቀበላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የስልኩ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 ዋሽንግተን ውስጥ የሰው ድምፅ በፀሐይ ብርሃን ከ200 ሜትር በላይ አሻግሯል። ደመና ሲመጣ ግን መሣሪያው ሥራ ይፈታ ነበር። ያ ችግር ዛሬም በሌላ መልኩ አለ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ዝናቡን ነው። የሚያስፈራው ግን ጉሙ ነው። በጣርማ በር ጉም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በዝናብ መንገዱን የሚያሳየው የፊት መብራት በጉም ውስጥ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስበታል። የዝናብ ጠብታ በሚሊሜትር የሚለካ ሲሆን፣ ቁጥሩም ከጉም ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የጉም ጠብታ ግን ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ 1.55 ማይክሮሜትር ከሆነው ከተለመደው የሌዘር ሞገድ ርዝመት ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያሉ እልፍ ጠብታዎች ጨረሩን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትኑታል። በሰዓት 25 ሚሊሜትር የሚጥል ኃይለኛ ዝናብ ብርሃኑን በኪሎሜትር 10 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሰዋል፤ ከብርሃኑ አንድ አሥረኛው ይደርሳል ማለት ነው። ከ50 ሜትር በላይ የማያሳይ ጉም ግን በኪሎሜትር ከ300 ዴሲቤል በላይ ይቀንሰዋል። በ200 ሜትር ርቀት እንኳ ከብርሃኑ የሚደርሰው ከአንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። ማንም መሐንዲስ የሌዘሩን ኃይል በመጨመር ይህን አይወጣውም።

ጥርት ያለ ቀንም የራሱ ጣጣ አለው፦ ከጋለ መሬት የሚነሳው አየር ጨረሩን ያርገበግበዋል። ለዚህ ግን ጨረሩን ያለማቋረጥ የሚያቃኑ መስተዋቶች አሉ።

ቴክኖሎጂው በተግባር የታየበትን አንድ ቦታ እንይ። ብራዛቪልና ኪንሻሳ በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ተፋጠው የተቀመጡ ዋና ከተሞች ናቸው። የፋይበሩ መስመር ግን ወንዙን ስለሚዞር ከ400 ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል። ያኔ የጉግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት ፕሮጀክት የነበረው ታራ እ.ኤ.አ. በ2021 መረጃውን በ4.8 ኪሎሜትር ጨረር ወንዙን አሻገረው፤ በ20 ቀን ወደ 700 ቴራባይት መረጃ በ99.9 በመቶ አስተማማኝነት እንዳስተላለፈም አስታወቀ። በ20 ቀን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ተቋረጠ ማለት ነው፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ውጤት ነው።

ጉም ለሚበዛበት ቦታ የሚመረጠው መላ ርቀቱን ማሳጠርና ጎን ለጎን የሬዲዮ መስመር መዘርጋት ነው። የ80 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ በመሆኑ ጉሙን በቀላሉ ያልፋል፤ የሚጎዳው በዶፍ ዝናብ ነው። ወፍራም ጉምና ዶፍ ዝናብ ደግሞ አብረው የሚመጡት ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ መስመር የሚዘረጋ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት በአቅራቢያው ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በየሰዓቱ የሚመዘግበውን የእይታ ርቀት ነው፤ በተለይ የማለዳውን።