«አሮጌዋ ከተማ» ያላት ማን ነው?

ከሮም ወደ ፍሎረንስ በባቡር ሲኬድ፣ ከፓሊያ ወንዝ ሸለቆ በላይ ዙሪያዋን ገደል የሆነች አምባ ትታያለች። እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ጠጥሮ የሠራት ዐለት ናት፤ አናቷ ላይ የሰፈረችው ከተማ ኦርቪዬቶ ትባላለች። ስሟ የመጣው «ኡርብስ ቬቱስ» ከሚለው ላቲን ነው፤ «አሮጌ ከተማ» ማለት ነው። ለአንድ ቀን የመጣ ጎብኚ ይህን የዕድሜ ሙገሳ አድርጎ ወስዶት ወደ ካቴድራሉ ያልፋል። እኔ ግን የመፈናቀል ስም ነው እላለሁ። ሰው የሚኖርበትን ቀዬ «አሮጌው» ብሎ አይጠራም፤ እንዲህ የሚለው ለቆት የሄደ ነው። የለቀቁት ደግሞ ይታወቃሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ264 ሮማውያን፣ የአገሩ ሰዎች ኤትሩስካውያን ቬልዝና፣ እነሱ ራሳቸው ግን ቮልሲኒ የሚሏትን ከተማ ያዙ። የቢዛንቲኑ ታሪክ ጸሐፊ ዞናራስ እንደሚተርከው ከተማዋን አፍርሰው የተረፈውን ሕዝብ ሌላ ቦታ አሰፈሩት። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም ሮማውያን የዘመቱት 2,000 ሐውልቶቿን ፈልገው ነው የሚል ክስ መዝግቧል። አዲሱ ሰፈራ በሐይቅ ዳር ያለችው የዛሬዋ ቦልሴና ናት፤ «ቦልሴና» ራሱ «ቮልሲኒ» በሰው አፍ ተለውጦ የቀረ ነው። ተፈናቃዮቹ ስማቸውን ይዘው ወረዱ፤ አምባዋ ያለ ስም ቀረች።

«ቮልሲኒ ድሮም ሐይቁ ዳር ነበረች» ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ነገር ግን ቦልሴና ላይ የወጣው የከተማ ፍርስራሽ አብዛኛው ከድሉ በኋላ የተሠራ ነው። ኦርቪዬቶ ገደል ሥር ያለው ክሮቺፊሶ ዴል ቱፎ የተባለው መካነ መቃብር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መቃብሮቹ እንደ ቤት በቀጥተኛ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። በየደጃፉ ጉበን ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀረጸው ጽሑፍ «እኔ የእገሌ ነኝ» ይላል። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው መቃብር የመንደር ሥራ አይደለም።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ የዘመን ርቀት ነው። በ538 እ.ኤ.አ. የቢዛንቲኑ ጦር አዛዥ ቤሊሳሪዮስ አምባዋን ሲከብ የዘገበው ፕሮኮፒዮስ «ኡርቢቬንቶስ» ይላታል፤ ከውድመቱ 800 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ መካከሉ ላይም አንድ «ን» ገብታለች። ፊደሏ ብዙ አታሳስበኝም፤ ጸሐፊው የላቲን ስም በግሪክኛ የሚያሰፍር ሰው ነው፣ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮም ጳጳስ ጎርጎርዮስ ደብዳቤዎችም «ኡርብስ ቬቱስ» ይላሉ። በመካከሉ ያለው የጽሑፍ ዝምታም ቢሆን የሚጠበቅ ነው፤ ጳጳስም ሠራዊትም የሌለበትን ገደል ስሙን የሚጽፍ አይኖርም፣ በአካባቢው ሰው አፍ ግን ይኖራል። አምባዋ ከመፈናቀሉ በፊት የራሷ ስም እንደነበራትስ ምን ያሳያል? በሌላዋ የኤትሩስካውያን ከተማ በቩልቺ ባለው የፍራንሷ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ሲገደል የተሣለ አንድ ሰው አጠገብ «ላሪስ ፓፓትናስ፣ የቬልዝናው» ተብሎ ተጽፏል።