ቀበሮና ወፍ አርቢ፦ ከወጥመድ ወደ አጥር

በእንግሊዝ አገር ፌዛንት የተባለውን የዶሮ ዘመድ ለአደን አርብቶ ወደ ጫካ መልቀቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ሥራ ነው። እንቁላሉን የሚያቅፉት የቤት ዶሮዎች ነበሩ። የጫጩቶቹ ዋና ጠላት ቀበሮ ሲሆን፣ ይህ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ አይጥ እያደነ ከሚኖረው ብርቅዬ ቀይ ቀበሮ የተለየ ነው። ግቢ ከገባ የሚበላውን ብቻ ገድሎ አይወጣም፤ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ይጠፋል።

ችግሩ ግን ቀበሮውም ባለቤት ነበረው። በፈረስና በውሻ ቀበሮ የሚያድኑ ባለርስቶች ሌላ ሰው ሲገድለው እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር። ዶሮው ለተበላበት ገበሬ ካሳ መክፈላቸውም ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ዓይነቱ አደን በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተከልክሏል።

ጠባቂዎቹ በበኩላቸው በጥርሳም የብረት ወጥመድ ይጠቀሙ ነበር። ወጥመዱ ቀበሮን ከውሻና ከድመት አይለይም። በ1954 በወጣ ሕግ መሠረትም ከ1958 ጀምሮ ታገደ። ጠመንጃ እስከ ዛሬ አልቀረም።

ዛሬ ጫጩቶቹ ስድስት ሳምንት አልፏቸው ወደ ጫካው ግቢ ሲገቡ ሁለት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሽቦ መረብ ይጠብቃቸዋል። ቀበሮ ከሥሩ እንዳይቆፍር የመረቡ የታች ጫፍ ወደ ውጭ ታጥፎ ይነጠፋል፤ ከውጭም ዝቅ ብሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘረጋል። ሣር ሽቦውን ከነካ ኃይሉ ይደክማል፤ ማጨዱን የዘነጋ ጠባቂ አጥር እንደሌለው ይቆጠራል። ወፎቹ ዛፍ ላይ ማደር እስኪለምዱ ድረስ አጥሩን ማታና ጠዋት ዞሮ ማየት የግድ ነው።