ስም የማይጠየቅበት ሸክላ

አሰላ ገበያ ጀበና የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ያዳምጣል፣ እንዳልተሰነጠቀ አገላብጦ ያያል፣ ዋጋ ይከራከራል። የሠሪዋን ስም ግን አይጠይቅም። በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም ያው ነው።

ጃፓን ውስጥ ሰብሳቢዎች አንዲት የሻይ ጽዋ ሲገዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን እንደሠራት ነው። ነገሩ አስገራሚ የሚሆነው በጃፓን ዘመናዊ ሸክላ ታሪክ ውስጥ ስም የለሾች መወደሳቸውን ስናስታውስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ያናጊ ሶኤትሱ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር «ሚንጌይ» ማለትም የሕዝብ ጥበብ የሚል ቃል ፈጠሩ፤ ያልታወቁ ባለሙያዎች የሠሩትን የዕለት ዕቃ ለማክበር። ሐማዳ ራሱ ሸክላው ላይ አይፈርምም ነበር። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ላይ ይፈርማል! በ1955 መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ብሎ ሰየመው።

ልዩነቱ የቅቡ ነው እንዳንል፣ የቢዜን ሸክላ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ቅብ ሳይኖረው በውድ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለው ቅብ ቀልጦ እንዲይዝ ከፍተኛ ሙቀት ይፈልጋል፤ የጃፓኖቹ ምድጃ ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የእኛዎቹ ሴቶች ያለ መንኮራኩር በእጃቸው ሠርተው ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በጭድና በኩበት ስለሚያቃጥሉ እሳቱ እዚያ አይደርስም። ፈሳሽ እንዳያሳልፍ ማድረጉ ለገዢዋ የተተወ ሥራ ነው፤ ማሟሸት የምንለው። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሸው ደግሞ እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው።

በእኔ እምነት ስሙን ያጠፋው ንቀት ነው። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» ተብሎ ሲፈራ፣ መሬት ሲነፈግ፣ ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ።

እስቲ ወለቃን እንይ፤ ከጎንደር ትንሽ ኪሎ ሜትሮች ወደ ሰሜን ያለችውን መንደር። የቤተ እስራኤል ሴቶች ባለፈው መቶ ዓመት ከማሰሮው ጎን ለጎን ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ ምስሎች መሥራት ጀመሩ፦ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ። የውጭ አገር ሰዎች ገዝተው ወሰዷቸው፤ ሙዚየሞችም ሰበሰቧቸው። መለያ ካርዱ ላይ የሚነበበው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ፈላሻ» የሚለው የማኅበረሰቡ መጠሪያ ብቻ ነው፤ እሱም ባለቤቶቹ የሚጠሉት። የሚሰበስብ ተገኝቶ እንኳ የሴትዮዋን ስም የጠየቀ ጥቂት ነው።

ከ1984–85ቱ የሙሴና ከ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ሠሪዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ዛሬም ኮከብ ያለባቸውን ምስሎች ይሠራሉ፤ ገዢው የሚፈልገው እሱን ነዋ።