መሥዋዕት፣ ቤዛ፣ ካሣ፦ የክርስቶስን ሞት የሚገልጡ ሦስት ቃላት ታሪክ

ስለ ክርስቶስ ሞት ሲነገር መሥዋዕት፣ ቤዛና ካሣ የተባሉት ቃላት እየተፈራረቁ ይገባሉ፤ ተርጓሚዎችም ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ይተካሉ። በእኛ አስተያየት ግን ሥዕላቸው የተለያየ ነው፤ መሥዋዕት ከመሠዊያ፣ ቤዛ ከባርነት፣ ካሣ ከደም ዕርቅ ይነሣል።

መሥዋዕት «ሦዐ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ለአምላክ የሚቀርበውን ያመለክታል። ቤዛ የተያዘን ሰው ለማስለቀቅ የሚሰጥ ምትክ ነው። በማርቆስ ወንጌል 10፥45 ቤዛ ተብሎ የተተረጐመው «ሊትሮን» የተሰኘው የግሪክ ቃልም ባሪያ ወይም ምርኮኛ ነፃ የሚወጣበት ዋጋ ነበር። የአዳምና የሔዋን የባርነት ደብዳቤ በዮርዳኖስና በሲኦል ተቀምጦ ነበር፤ ክርስቶስም ደመሰሰው የሚለው የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህንኑ ሥዕል ያጸናል።

ካሣን ለመረዳት ወደ ምዕራባዊው ደቡብ ወሎ ደጋ እንሻገር። መካነ ሰላም የምትገኝበት ቦረና ከአማራ ሳይንት ጋር የጥንቱ የቤተ አምሐራ ክፍል ነበረ፤ ቦረና የሚለው ስም ደግሞ የኦሮሞን ሰፈራ ያስታውሳል። ስለዚህ በወሎ ታሪክ በትግርኛ «ካሕሳ» ከሚባለው ቃል ጋር የሚዛመደው ካሣና የደም ዋጋ ማለት የሆነው የኦሮምኛው ጉማ ጎረቤቶች ናቸው። ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ይከፍላል። ክፍያው ሟችን አይመልስም፤ ቂምን ግን ይዘጋል። የሞተ ልጅን ተከትሎ የተወለደውም ካሣ ይባላል።

በሃይማኖቱ ትርጓሜ ግን ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ በዳዩ ሰው መክፈል ስላልቻለ ተበዳዩ ራሱ ሰው ሆኖ ከፈለ ይላል። እንግዲህ ከፋዩ ማን ነው? አምላክ ብቻ ቢሆን አይሞትም፤ ሰው ብቻ ቢሆን አያድንም። ከደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የሰበሰቡት ጉባኤ የተከራከረው ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅባት ሲሆን፣ የካሣውም ትርጉም በዚያው ላይ የቆመ ነበር፤ ጉባኤው ተዋሕዶን አጸና። የዐፄው የቀድሞ ስም ራሱ ካሣ ነበር። ከዚያም የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ መሐመድ ዓሊም ሚካኤል ተባሉ። የዕርቅ ቃል የሚሰበክበት እምነት በትእዛዝ ሲጫን ቃሉና ድርጊቱ ተለያዩ።

ዛሬ በዚያ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለ ጉዳት ሲሸማገል ካሣ ይላል፤ ሙስሊሙ ግን ቃሉን ከስቅለት ጋር አያያይዘውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ቃሉን ለንብረት ይጠቀምበታል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት የጋራውን ፍቺ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያኑን ማስከተል ይገባዋል። ተርጓሚም ምንጩ ስለ ምርኮኛ ሲናገር ቤዛን፣ ስለ መሠዊያ ሲናገር መሥዋዕትን፣ ስለ በደልና ዕርቅ ሲናገር ካሣን ይምረጥ። ሦስቱን አንድ ያደረገ፣ አንባቢውን ከሦስት ሥዕሎች ሁለቱን ያሳጣዋል።