አመድ በዱቄት ቢስቅ ምን ይገርማል?

«አመድ በዱቄት ይስቃል» የሚለው ተረታችን አመድን አቃልሎ የተተረተ ነው። እኛ ግን የግንባታን ታሪክ ስናገላብጥ፣ አመዱ የሚስቀው ወዶ አይደለም እንዴ? ብለን ጠየቅን።

ከደሎ መና እንነሳ። ከመሐል አገር በጎባ በኩል የሚመጣ ሲሚንቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የሳነቲን አምባ ወጥቶ፣ የሐረናን ደን ቁልቁል ይወርዳል። እዚያው ደሎ መና የሐረና ጀንፈል ቡና ሲፈለፈል ደግሞ ገለፈቱ ይቀራል። የሚገዛው ከሩቅ ይመጣል፣ የሚጣለው ደጃፍ ላይ ይከመራል!

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሮማውያን የፖዙዎሊን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር ቀላቅለው ባሕር ውስጥ የሚጠነክር ወደብ ሠርተዋል። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ወደ አገራችን ፋብሪካው የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በድሬዳዋ ነው። ሲሚንቶ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እሳት ይጋገራል፤ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ያህሉም ከእሱ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1957 በኪየቭ ቪክቶር ግሉኮቭስኪ ያለ ሲሚንቶ፣ በአልካሊ ብቻ የሚጠነክር ኮንክሪት አስተዋወቀ። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ዴቪዶቪትስ ደግሞ በአገሩ ብዙ ሰው የፈጁ ቃጠሎዎችን ካየ በኋላ እሳት የሚቋቋም ቁስ ፍለጋ ገባ፤ ያገኘውንም በ1970ዎቹ መጨረሻ «ጂኦፖሊመር» አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አልካሊ ሲሊካና አሉሚና ያለውን ዱቄት ያሟሟል፤ የሟሟው ተመልሶ እንደ ድንጋይ ይያያዛል። ለዚህ ከ100 ዲግሪ በታች ያለ ሙቀት ይበቃል።

አመዳችን እዚህ ይገባል። የስንዴ ገለባ አመድ ሲሊካ አለው፤ የቡና ገለፈት አመድ ደግሞ ፖታሲየም የበዛበት ነው፣ ማለትም አልካሊውን ያግዛል። አሉሚናውን የሚሰጠው የተቃጠለ የሸክላ አፈር ነው።

ግን አንሸነጋገል። አመድ ብቻውን ቤት አይሠራም፤ አቃጠሉም ይወስነዋል፤ እሳቱ ከበዛ ሲሊካው ክሪስታል ይሆንና በቀላሉ አይሟሟም። የሲናናና የሮቤ ገለባም የከብት መኖ ነው፤ ከላም አፍ ነጥቀን ብሎኬት አንሠራም። በአገራችን የቡና ገለፈት አመድ የተሞከረው በአብዛኛው የሲሚንቶን ጥቂት ክፍል ለመተካት ነው።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነው፦ ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ደሎ መና ላይ ገለፈት አለ። አንዱ ሌላውን ይመዝነው፤ ከዚያ በኋላ ይጣል ከተባለ ይጣል።